ማዕበል ያልቻላትን መርከብ ወደብ ጨረሳት

ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በሃዋይ ደሴቶች ዋና ከተማ በሆኖሉሉ ወደብ ለዓመታት ታስራ የኖረች አንዲት አሮጌ የብረት መርከብ በጎታች መርከብ እየተሳበች ወደ ጥልቅ ባሕር ወጣች። ከከተማዋ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ጥልቀቱ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ ውሃ እንዲገባባት ተደረገና ሰመጠች። ስሟ «ፎልስ ኦፍ ክላይድ» ነው። 147 ዓመት ሊሞላት የቀራት ሁለት ወር ገደማ ነበር።

ዜናው ሲሰማ ብዙዎችን ግራ ያጋባው ጥያቄ አንድ ነው። ለሠላሳ አምስት ዓመታት ያህል በአሜሪካ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብላ የተመዘገበችን መርከብ መንግሥት ራሱ ገንዘብ ከፍሎ እንዴት ያሰምጣታል? «የዓለም የመጨረሻዋ የብረት ባለ ሸራ መርከብ ጠፋች» የሚል አባባልም ሲዞር ነበር፤ ይህኛው ግን ትክክል አይደለም። የብረት ባለ ሸራ መርከቦች አሁንም አሉ። «ፎልስ ኦፍ ክላይድ»ን የተለየች ያደረጓት ሁለት ነገሮች ናቸው። ቀፎዋ ከብረት የተሠራና በአራቱም ምሰሶዎቿ ላይ አግድም ሸራ ይሰቀልባቸው ከነበሩ መርከቦች የቀረችው እርሷ ብቻ ነበረች። በሸራ እየተነዱ ነዳጅ ከጫኑ መርከቦችም የተረፈችው እርሷ ብቻ ነበረች።

ታሪኳን ስንከታተል ግን ሌላ፣ ይበልጥ የሚገርም ነገር እናገኛለን። ይህች መርከብ ሰማንያ ዓመት ያህል የኖረችው በቅርስነት ሳይሆን በሥራ ነው። በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ የሚጠግናት ነበራት። መውደቅ የጀመረችው ሥራዋ መታየት ብቻ ከሆነ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብረት ለምን ወደ ባሕር ገባ?

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ መርከብ ማለት እንጨት ነበር። እንጨት ግን ልክ አለው። መርከቡ ከተወሰነ ርዝመት ሲያልፍ ማዕበሉ ወገቡን ያጎብጠዋል፤ መጋጠሚያዎቹ ይላቀቃሉ፤ ውሃ መቅዳት የዘወትር ሥራ ይሆናል። ለትልቅ መርከብ የሚሆን ወፍራም ዛፍም በብሪታንያ እየመነመነ ሄዷል። በሌላ በኩል አገሪቱ የድንጋይ ከሰልና የብረት ማዕድን ሞልቷታል። በስኮትላንድ የክላይድ ወንዝ ዳር የተሰባሰቡት መርከብ ሠሪዎች ብረትን የመረጡት ስለዘመነ ብቻ ሳይሆን በደጃቸው ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ማጥራት ያስፈልጋል። የዚያን ዘመን ብረት ዛሬ ብረት ከምንለው ጋር አንድ አይደለም። ተቀጥቃጭ ብረት የሚባለው ሲሆን፣ በምድጃ ውስጥ እየተማሰለ ካርቦኑ እንዲቃጠል ከተደረገ በኋላ በመዳመጫ ተዳምጦ ሰሌዳ ይሆናል። በውስጡ ቀጫጭን የአር፣ ማለትም ብረቱ ሲቀልጥ የሚቀር ዝቃጭ፣ ክሮች ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሲሰበር እንደ እንጨት ይሰነጠራል። ዛሬ በየግንባታው የምናየው አረብ ብረት ለመርከብ በብዛት የዋለው ከ1880ዎቹ ወዲህ፣ ዋጋው ሲረክስ ነው። «ፎልስ ኦፍ ክላይድ» በ1878 መሠራቷ በተቀጥቃጩ ብረት ዘመን ማብቂያ ላይ ያስቀምጣታል።

ብረቱ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው የኮምፓስ ችግር ነው። ሙሉ ቀፎው ብረት በሆነ መርከብ ላይ የኮምፓሱ መርፌ ሰሜንን ትቶ መርከቡን ማመልከት ይጀምራል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ በ1838 ባደረገው ሙከራ በኮምፓሱ ዙሪያ ማግኔትና የብረት ቁራጭ በማስቀመጥ ስሕተቱን ማረም እንደሚቻል ባያሳይ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቆም ነበር። ሁለተኛው ችግር እስከ መጨረሻው አልተፈታም። ከውሃ በታች ባለው አካል ላይ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረታትና አልጌ እየተጣበቁ ፍጥነቱን ይቀንሱታል። የእንጨት መርከቦች ታችኛው አካላቸው በመዳብ ቅጠል ስለሚለበጥ ከዚህ ይድናሉ። መዳብና ብረት በጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ግን መዳቡ ብረቱን ያስበላዋል። ፍጥነት የሚሹት የሻይ ጫኞች አጥንታቸው ብረት፣ ቆዳቸው እንጨት ሆኖ የተሠሩት ለዚህ ነው፤ በለንደን የምትታየው የ1869ኟ «ከቲ ሳርክ» አንዷ ናት። ርካሽና ብዙ ጭነት የሚፈልጉ ደግሞ ሙሉ ብረቱን መርጠው ቀፎውን በየጊዜው እያስፋቁ ኖሩ።

እንፋሎት እያለ ሸራ?

የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት የሸራ ዘመን አበቃ ተብሎ ነበር። እንፋሎት መርከብ ቦዩን በራሱ ኃይል ያልፋል፤ ባለ ሸራው ግን መጎተት አለበት፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ገብቶም ከአስቸጋሪ ነፋስ ጋር ይታገላል። እንፋሎት በየርቀቱ የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ይፈልጋል። በዚያው ዓመት ጁሴፔ ሳፔቶ ለኢጣሊያው የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት የገዛበት ምክንያትም ይኸው ነበር። እኛ በታሪክ ትምህርት የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት መነሻ አድርገን የምናውቀው ቦታ፣ በውሉ ወረቀት ላይ የመርከብ ከሰል ማከማቻ ነበር።

ይህ ሁሉ እያለ «ፎልስ ኦፍ ክላይድ» ቦዩ ከተከፈተ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መሠራቷ እንደ ግትርነት ሊታይ ይችላል። አልነበረም። እንፋሎት በቀደመባቸው መስመሮች ላይ የሚጫነው ሰው፣ ፖስታ፣ ሻይና ጨርቅ፣ ማለትም ፈጥኖ ሲደርስ ዋጋ የሚያገኝ ነገር ነው። ከካሊፎርኒያ በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በኬፕ ሆርን ዞሮ ወደ እንግሊዝ የሚሄድ ስንዴ ግን አይቸኩልም። አራትና አምስት ወር ቢፈጅም ነፋሱ ነጻ ነው። ከሰል የሚይዘው ቦታም ለጭነት ይተርፋል። ነጋዴዎች ስንዴውን ገና በውቅያኖስ ላይ እያለ ይሸጡትና መልሰው ይገዙት ስለነበር፣ መርከቧ ኪራይ የማይጠየቅባት ተንሳፋፊ ጎተራም ነበረች። ይህን ስሌት ያፈረሰው ቦዩ ብቻ አይደለም። ከ1880ዎቹ ወዲህ የመጣውና እንፋሎቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የሚሠራበት ሞተር የከሰሉን ፍጆታ ስለቀነሰው ነው።

ከባለ ስንዴ እስከ ባለ ሞላሰስ

መርከቧን የሠራት በፖርት ግላስጎው የነበረው ራስል ኤንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ባሕር የነካችው ታኅሣሥ 12 ቀን 1878 ነው። ያዘዙት የግላስጎው ነጋዴዎች ራይትና ብሬከንሪጅ መርከቦቻቸውን ሁሉ በስኮትላንድ ፏፏቴዎች ስም ይሰይሙ ነበር፤ እርሷም ከዘጠኙ የመጀመሪያዋ ናት። ቀፎዋ 81 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቷ 12 ሜትር ገደማ፣ መጠኗ 1,807 ቶን ነው። በመርከብ ልኬት ይህ ቶን ክብደት አይደለም። የውስጥ ይዘት መለኪያ ነው፤ አንዱ ቶን 2.83 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹን ሃያ ዓመታት በብሪታንያ ባንዲራ ሥር ወደ ሕንድ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ካሊፎርኒያ ስትመላለስ አሳለፈች። በዚህ ዘመኗ የሚለያት ነገር ጥቂት ነው፤ እንደ እርሷ ያሉ ብዙ ነበሩ።

መልኳ የተለወጠው ዊልያም ማትሰን በ25,000 ዶላር ሲገዛት ነው። ማትሰን ከስዊድን መጥቶ በሳን ፍራንሲስኮና በሃዋይ መካከል የመርከብ ሥራ የጀመረ ሰው ነበር። በ1899 ሆኖሉሉ አመጣትና የሃዋይ ባንዲራ ሰቀለባት። ይህ ብልጠት ነበር። ሃዋይ ወደ አሜሪካ እየተጠቃለለች ስለነበር በአሜሪካ ወደቦች መካከል የመነገድ መብት ሊያስገኝ ይችላል። ነገር ግን በውጭ አገር የተሠራ መርከብ ያንን መብት እንዲሁ አያገኝም፤ የአሜሪካ ባንዲራ እንድትሰቅል በ1900 የኮንግረስ ልዩ ሕግ አስፈለገ።

ማትሰን ሸራዋንም ለወጠ። ሙሉ ሸራ ያላት መርከብ የምትባለው በምሰሶዎቿ ሁሉ ላይ አግድም ሸራ ያላት ናት። የመጨረሻው ምሰሶ ሸራ እንደ በር በቁመቷ የሚዞር ሲሆን ደግሞ ባርክ ትባላለች። ልዩነቱ የውበት ጉዳይ አይመስላችሁ፤ ባርክ በጥቂት መርከበኛ ትንቀሳቀሳለች፣ ጥቂት መርከበኛ ማለት ጥቂት ደመወዝ ነው። የመንገደኛ ክፍሎችም ተጨመሩላት። እስከ 1907 ድረስ በሃዋይዋ የወደብ ከተማ በሂሎና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል ከ60 ጊዜ በላይ ተመላለሰች። ስትመጣ ሸቀጣሸቀጥ፣ ስትመለስ ስኳር፣ በሁለቱም መንገድ ሰው ትጭን ነበር።

በ1907 አሶሺየትድ ኦይል የተባለ የነዳጅ ኩባንያ ገዛትና ሆዷን ቀደደው። በቀፎዋ ውስጥ አሥር ትላልቅ ታንኮች ተሠሩላት፤ 19,000 በርሜል ማለትም 3 ሚሊዮን ሊትር ያህል የምትይዝ ነዳጅ ጫኝ ሆነች። የፓምፕ ክፍልና የእንፋሎት ማፍያም ገባላት። እንፋሎቱ ግን መርከቧን አይነዳም፤ ነዳጁን ለመቅዳት ብቻ ነው። በላይ ሸራና ገመድ፣ በታች ታንክና ፓምፕ ያላት ይህች ቅልቅል ፍጥረት ከካሊፎርኒያ ኬሮሲን ይዛ ወደ ሃዋይ ትሄዳለች። ባዶዋን ላለመመለስ በዚያው ታንክ ከሸንኮራ ፋብሪካዎች የሚወጣውን ሞላሰስ ለከብት መኖ ይዛ ትመለሳለች። ኬሮሲን በነበረበት ታንክ ሞላሰስ የተቀዳላቸው ከብቶች ምን እንዳሉ አልተመዘገበም።

በ1920ዎቹ ምሰሶዎቿ ተነቀሉና በአላስካ በኬቺካን ወደብ ተንሳፋፊ የነዳጅ ማከማቻ ሆነች። እስከ 1959 ድረስ ለዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች ነዳጅ ስትሸጥ ኖረች። ለአንድ ባለ ሸራ መርከብ ይህ ውርደት ይመስላል። ያተረፋት ግን ይኸው ውርደት ነው። እኩዮቿ በሁለት የዓለም ጦርነቶች ሲሰምጡ፣ በኪሳራ ዘመን ለቁርጥራጭ ብረት ሲሸጡ፣ እርሷ ታንኮቿ ስለማያፈሱ ብቻ በሕይወት ቆየች። ነዳጅ የሚያከማች ኩባንያ ቀፎው ሲሳሳ ዝም አይልም።

በ1963 ዕዳ የያዘባት ባንክ በካናዳ ቫንኩቨር የማዕበል መከላከያ ግንብ አካል ሆና እንድትሰምጥ ሊሸጣት ነበር። የሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ሙዚየም መሥራች ካርል ኮርተምና ገና በወጣትነቱ በእርሷ ላይ ያገለገለው ካፒቴን ፍሬድ ክሌቢንጋት የሃዋይን ሕዝብ ቀሰቀሱ። ገንዘብ ተዋጣ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጎታች መርከብ እስከ ሆኖሉሉ አመጣት። ከሠሪዎቿ የአንዱ የልጅ ልጅ የሆኑት ሰር ዊልያም ሊትጎው ከፖርት ግላስጎው አዲስ ምሰሶ ላኩላት። በ1968 ለሕዝብ ተከፈተች፤ በ1989 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለች።

ዝገት ሥራ ፈት አይደለም

ብረት በጨው ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ እንደ ባትሪ ይሠራል። ከአንዱ የብረት ቦታ ወደ ሌላው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይካሄዳል፤ ኤሌክትሮን የሚሰጠው ቦታ እየተበላ ይሄዳል። መከላከያው ይታወቃል፣ ውድም አይደለም። ከብረት ይልቅ በቀላሉ የሚበላ ማዕድን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ፣ በቀፎው ላይ ይታሰራል። ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ያልቃል፤ ሲያልቅ ሌላ ይተካል። ወደብ ላይ ቆሞ የሚውል መርከብ ይህ ካልተደረገለት በባሕር ላይ ከሚመላለሰው የተሻለ ዕድል የለውም። እንዲያውም በወደብ ውስጥ ከሌሎች መርከቦችና ከየብስ የኤሌክትሪክ መስመር የሚያመልጥ ፍሰት ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል።

ከሁሉ የሚጎዳው ውሃና አየር የሚገናኙበት መስመር ነው። ሌላው ክፉ ቦታ በሁለት ሰሌዳዎች መደራረቢያ ውስጥ፣ ሪቬቶቹ፣ ማለትም ሰሌዳዎቹን የሚያያይዙት የብረት ችንካሮች፣ ባሉበት ነው። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በመደራረቢያው ውስጥ ሲያብጥ ሰሌዳዎቹን ፈልቅቆ ሪቬቶቹን ይበጥሳል። ከውጭ ቀለም የተቀባች፣ ደህና የምትመስል መርከብ ከውስጥ ልትፈርስ የምትችለው እንዲህ ነው።

ጥገናው ቀላል ያልሆነው ደግሞ ማቴሪያሉ ስለጠፋ ነው። ተቀጥቃጭ ብረት ዛሬ በፋብሪካ ደረጃ አይመረትም። በአረብ ብረት ሰሌዳ መተካት ይቻላል፤ ሆኖም ሁለቱን መበየድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ የአሮጌው ብረት ንብርብር ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት መርከቧ ከውሃ መውጣት አለባት። ውሃው ተመጥጦ የሚደርቅ የመጠገኛ ገንዳ ያስፈልጋል። እኛ አገር ደረቅ ወደብ ስንል ሞጆን ስለምናስብ ቃሉ እንዳያሳስት፤ የምንናገረው መርከብ ገብቶ ስለሚራቆትበት ገንዳ ነው። እንዲህ ያለ ገንዳ በሃዋይ ጥቂት ነው፤ ባለቤቱም ቀፎዋ መሐል ላይ ልትፈርስበት የምትችልን መርከብ በደስታ አያስገባም። አዙሪቱ እዚህ ላይ ነው። ለመጠገን መንቀሳቀስ አለባት፤ ለመንቀሳቀስ መጠገን አለባት።

«ብሔራዊ ቅርስ» ምን ይከለክላል?

ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ ነጥብ ላይ ቢደናገር አያስገርምም። በእኛ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት የተመዘገበን ቅርስ ማዘዋወር ወይም ማደስ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል። በአሜሪካ የፌዴራል መዝገብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ምዝገባው በመሠረቱ ክብር ነው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወይም ፈቃድ የሚነካ ሥራ ሲኖር፣ ሥራው በቅርሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ እንዲመረመርና የሚመለከታቸው እንዲጠየቁ ያስገድዳል። ድጎማ ለመጠየቅም በር ይከፍታል። ባለቤቱ ንብረቱን እንዲጠግን አያስገድድም፤ ከማፍረስም አያግደውም። ለጥገና የሚመደብ የማይቋረጥ በጀት ደግሞ ከምዝገባው ጋር አይመጣም።

የመርከቧ ባለቤትነትም ተዘዋውሯል። ለብዙ ዓመታት የያዛት የሆኖሉሉው ቢሾፕ ሙዚየም በ2008 ወጪውን አልችልም ብሎ ሊያሰምጣት ሲዘጋጅ፣ ወዳጆቿ በማኅበር ተደራጅተው ተረከቧት። ማኅበሩ የሚያሰባስበው ገንዘብ ግን ዝገቱን አልደረሰበትም። በ2016 የሃዋይ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የማቆሚያ ፈቃዷን ሰርዞ በቁጥጥር ሥር አዋላት። በ2019 ጨረታ ወጣ፤ አንድም ተጫራች አልቀረበም። በ2024 ከብሔራዊ መዝገቡ ተፋቀች። በመጨረሻም 5 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ውል የማስወገዱ ሥራ ለተቋራጭ ተሰጠ።

ባሕር ውስጥ ማስመጡ ሕገ ወጥ ነው የሚለውም በጥንቃቄ መታየት አለበት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት አሮጌ መርከቦችን በባሕር ለማስወገድ የሚያገለግል አጠቃላይ ፈቃድ አለው። ዘይትና ሌላ በካይ ነገር አስቀድሞ መጽዳት አለበት። ቦታው ከየብስ ቢያንስ 22 ኪሎ ሜትር መራቅ፣ ጥልቀቱም ከ90 ሜትር ማነስ የለበትም። የተመረጠው ቦታ ሁለቱንም መለኪያዎች እጅግ አልፏል።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው

የሃዋይ መንግሥት መከራከሪያ የወደቡ ነው። ደሴቶቹ ከሚጠቀሙበት ሸቀጥ አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ሲሆን የሚገባውም በሆኖሉሉ ነው። በአውሎ ነፋስ ወቅት ገመዷ ተበጥሶ በመግቢያው ላይ ብትሰምጥ የሰው ቀለብ ይዘጋል። ይህ የተጋነነ ስጋት አይደለም። ምጸቱ ግን አይዘለልም፤ ዛሬ ያንን ሸቀጥ በኮንቴይነር ከሚያመጡት ሁለት ዋና ኩባንያዎች አንዱ ዊልያም ማትሰን ያቋቋመው ነው።

የስኮትላንድ ተሟጋቾች በበኩላቸው በግዙፍ ተሸካሚ መርከብ ጀርባ ላይ ጭነው ወደ ተወለደችበት ወንዝ ሊመልሷት ለዓመታት ደክመዋል። ሐሳቡ ቅዠት አልነበረም። በ1864 የተሠራችው «ሲቲ ኦፍ አዴሌድ» በዚህ ዘዴ ከስኮትላንድ ተነሥታ በ2014 አውስትራሊያ ደርሳለች። ልዩነቱ «ሲቲ ኦፍ አዴሌድ»ን የምትጠብቃት፣ መርከቧ ስሟን የወሰደችላት የአዴሌድ ከተማ መኖሯ ነው። ግላስጎው ግን በ1896 የተሠራችውን «ግሌንሊ»ን ከስፔን አምጥታ አድሳ ስለያዘች፣ ለሁለተኛ መርከብ የሚሆን ለጋሽ ማግኘት እንደማይቀል መገመት ይቻላል።

ሦስተኛ አስተያየትም አለ። ማዳን ካልተቻለ በዝርዝር ለክቶና ፎቶ አንሥቶ፣ ጠቃሚ ክፍሎቿን ነቅሎ አስቀምጦ መሸኘት ይሻላል የሚል ነው። በእኔ እይታ በ2025 ላይ ቆሞ ለሚወስን ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አልቀረም ነበር። ስሕተቱ የተፈጸመው ቀደም ብሎ ነው። በየጊዜው የማዳን ዘመቻ ተደርጓል፤ ዘመቻ ደግሞ ምሰሶና ሸራ ይገዛል፣ ምክንያቱም ይታያል። ከውሃ በታች የሚታሰር ዚንክና በየጥቂት ዓመቱ የሚመለስ የገንዳ ወጪ ፎቶ አይነሡም።

ሌሎቹ እንዴት ቆዩ?

በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ የምትገኘው «ስታር ኦፍ ኢንዲያ» በ1863 በማን ደሴት የተሠራች የብረት መርከብ ናት፤ ከ«ፎልስ ኦፍ ክላይድ» በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጣለች። በ1926 ተገዝታ ወደ ከተማዋ ከመጣች በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ተረስታ ዝጋለች። ከዚያ ታድሳ በ1976 ሸራ ዘርግታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህም አልፎ አልፎ ትወጣለች። መርከብ በሸራ እንድትወጣ ከተፈለገ ቀፎዋ መመርመሩ ግድ ነው፤ ለጥገናዋ የሚሟገትላት ይኸው ግዴታ ነው።

በ1877 የተሠራችው የቴክሳሷ «ኤሊሳ» ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። በግሪክ ወደብ ከመፈራረስ ተርፋ በ1982 ታድሳ ጨረሰች። በ2011 የአሜሪካ ባሕር ጠረፍ ጠባቂ ሲመረምራት ግን ቀፎዋ በዝገት ስለተበላ ለባሕር ብቁ አይደለችም አለ። እድሳቷ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሰሌዳዎቿ ተለውጠው ተመለሰች። ያዳናት ችግሩን በጊዜ ያየ መርማሪና ወጪውን የሸፈነ ባለቤት መኖራቸው ነው። የኒው ዮርኳ የ1885 «ዌቨርትሪ» በ2015 እና በ2016 ገንዳ ገብታ ስትታደስ ወጪውን፣ 13 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ የሸፈነው የከተማው አስተዳደር ነው። «ዌቨርትሪ» በሸራ ዘመኗ ኬፕ ሆርን ላይ ምሰሶዋ ተሰብሮ፣ ከዚያ የሱፍ መጋዘን፣ ከዚያ በቦነስ አይረስ የአሸዋ ማመላለሻ ሆና የኖረች ናት። እርሷንም ያቆያት ዝቅተኛ ሥራ ነው።

ምን ጠፋ፣ ምን ይከተላል?

በቅርብ የሚጠበቀው ውጤት አስተዳደራዊ ነው። በየወደቡ አሮጌ መርከብ ያለባቸው ባለሥልጣናት አሁን አንድ የተሞከረ መንገድ አላቸው፤ ከመዝገብ ማስፋቅ፣ ማጽዳት፣ ማስመጥ። መርከብ የያዙ ማኅበራትና ሙዚየሞች ደግሞ ለጋሽም ሆነ የወደብ አስተዳደር «የሚቀጥለው የገንዳ ወጪ ከየት ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቃቸው ከበፊቱ ጠንከር ያለ መልስ ማዘጋጀት ይኖርባቸዋል።

ለታሪክ ተመራማሪ የጎደለው ሌላ ነው። የ1878 የብረት ሰሌዳ በ1907 ከገቡት የአረብ ብረት ታንኮች ጋር እንዴት እንደተያያዘ በእጅ ዳስሶ ማየት የሚቻልበት ሌላ ቦታ የለም። የሸራና የነዳጅ ዘመን በአንድ ቀፎ ውስጥ ተደርበው የነበሩት እዚያ ነው። በዚያ ጥልቀት ብረት ቶሎ አይጠፋም። በ1912 የሰመጠችው «ታይታኒክ» 3800 ሜትር ላይ፣ ብረት በሚበሉ ባክቴሪያዎች እየተሸረሸረች፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ቅርጿን ይዛ ትገኛለች። «ፎልስ ኦፍ ክላይድ» ከሆኖሉሉ በስተደቡብ በጨለማው ውስጥ ተቀምጣለች፤ አሁን የማቆሚያ ኪራይ የሚጠይቃት የለም።